ጀማን የሚሻገር ሞገድ

ከአዲስ አበባ በሙከጡሪና በለሚ አድርጎ ወደ ዓለም ከተማ የሚሄድ ሰው ጀማ ወንዝ ላይ ይፈተናል። ቁልቁለቱ እየተጠማዘዘ ቆላ ያወርደዋል፤ ከወንዙ ወዲያ ደግሞ ዳገቱ ይጠብቀዋል። አፋፉ ላይ ቆሞ ሲያይ ግን ማዶው እጅ ቢዘረጉ የሚነካ ይመስላል። በመካከል አየር እንጂ ሌላ የለም። መኪናን የሚያንገላታው ገደል ለራዲዮ ሞገድ የተጠረገ ጎዳና ነው።

ቋሚ ገመድ አልባ ብሮድባንድ የሚጠቀመው በዚህ ጎዳና ነው። አንድ አንቴና ኢንተርኔቱ ባለበት በኩል፣ ሌላው ተቀባዩ ጋ ምሰሶ ላይ ይታሰርና ይተያያሉ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ወረዳ ኔት የተባለው መረብ የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን በሳተላይት ሲያገናኝ ሞገዱ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ሽቅብ ወጥቶ ያንኑ ያህል መውረድ ነበረበት፤ ጥያቄ ሄዶ መልስ እስኪመጣ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ያልፍ ነበር። ከአፋፍ ወደ አፋፍ የሚሄደው ሞገድ ከአንድ ሺህኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል።

ስለ ራዲዮው ሴቲንግ ከማውራት በፊት አንቴናውን ማነጣጠር ይቀድማል። ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ምሰሶው ላይ ወጥቶ ብሎኑን ላላ አድርጎ የአንቴናውን ሳህን ይይዛል፣ ሌላው ታች ስክሪኑን እያየ የሲግናሉን ቁጥር ይጠራል። «78... 74... ቀስ በል... 75፣ አለፍከው!» ቁጥሩ ከዜሮ በታች ስለሚቆጠር ሲያንስ ነው ደስ የሚለው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። ሳህን ከዋናው ጨረር ግራና ቀኝ ደካማ የጎን ጨረሮች አሉት፤ በእነሱ ላይ የቆመ ሰው ያገኘው መስሎት ብሎኑን ያጠብቃል። ሲግናሉ ከፍ ያለበትን ቦታ አልፎ፣ ሲወርድ አይቶ፣ እንደገና እስኪወጣ መፈለግ ያስፈልጋል።

ማዶው በዓይን መታየቱም ብቻውን አይበቃም። ሞገድ እንደ ክር ቀጥኖ አይሄድም፤ መሐሉ ላይ ይወፍራል። በ5.8 ጊጋኸርዝ 20 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሞገድ እኩሌታው መንገድ ላይ በዙሪያው 16 ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ያስፈልጋል። ገደሉ መሐል ይህ ሞልቶ ተርፏል። ችግሩ ያለው ጫፉ ላይ፣ ግቢው አጥር ሥር የተተከለው ባሕር ዛፍ ጋ ነው። ዛሬ ከአንቴናው በታች ያለ ችግኝ በጥቂት ዓመት አንቴናውን ይጋርዳል፤ ክረምት ቅጠሉን ሲያርሰው ደግሞ ይብሳል። በዚህ ፍሪኩዌንሲ ጉሙና ዝናቡ ራሳቸው ያን ያህል አይጎዱም።

መስመሩ ሲደክም ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚነካው የማሰራጫውን ኃይል መሆኑ ያሳዝነኛል። ኃይሉን እጥፍ ማድረግ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጩኸቱ ግን የጎረቤትን መስመር ይረብሻል። የቻናሉን ስፋት ከ40 ወደ 20 ሜጋኸርዝ ማጥበብም ያንኑ 3 ዴሲቤል ይሰጣል፣ ማንንም ሳያውክ። በእርግጥ የፍጥነቱ ጣሪያ ዝቅ ይላል፤ ሳይቆራረጥ የሚሠራ ጠባብ መስመር ግን በየደቂቃው ከሚወድቅ ሰፊ መስመር ይሻላል። ቻናል ከመምረጥ በፊትም ራዲዮው አካባቢውን ስካን አድርጎ ጸጥ ያለውን ይፈልግ። የትኛው ፍሪኩዌንሲ በምን ያህል ኃይል እንደሚፈቀድ የሚወስነው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለሆነ፣ ሴቲንጉ ላይ የሌላ አገር ስም መርጦ ገደቡን ማለፍ ትክክል አይደለም።

ከሁሉም የሚረሳው የርቀት ሴቲንጉ ነው። ራዲዮው መልእክት በላከ ቁጥር «ደርሷል» የሚል ማረጋገጫ ይጠብቃል። ሞገድ 20 ኪሎ ሜትር ደርሶ ለመመለስ 133 ማይክሮ ሰከንድ ይወስድበታል። ርቀቱ 5 ኪሎ ሜትር ተብሎ ከተሞላ ራዲዮው ማረጋገጫው ሳይደርሰው ተስፋ ቆርጦ ያንኑ መልእክት ይደግማል። ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ ኢንተርኔቱ ሲንፏቀቅ፣ ሰው ምሰሶ ላይ ከመውጣቱ በፊት ይህችን ቁጥር ይመልከት።

ሥራው ሲያልቅ የሲግናሉን ቁጥር፣ ቻናሉንና ቀኑን ደብተር ላይ መጻፍ ደግ ነው። አፋፍ ላይ ነፋስ ስለሚበረታ ብሎን ይላላል። መስከረም ላይ ሲግናሉ በ5 ወይም በ6 ዴሲቤል ወርዶ ከተገኘ መጀመሪያ ብሎኑ፣ ቀጥሎ ባሕር ዛፉ ይታያል፤ ሴቲንጉ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው።