ከተራ ጽሑፍ ወደ ኢ-መጽሐፍ፦ የባሌ አንባቢ ምን ያስፈልገዋል?

በሮቤና በጎባ ለአንባቢ ሊደርስ የሚገባው ጽሑፍ ብዙ ነው። የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ጥናቶች፣ የሲናና ግብርና ምርምር ማዕከል የስንዴና የገብስ ሥራዎች፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስለተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚጻፈው ሁሉ። ብዙ ሰው ደግሞ የሚያነበው በስልኩ ነው። ፒዲኤፍ ገጹን እንደ ወረቀት ስለሚያስቀምጠው አንባቢው እያሰፋ ግራ ቀኝ ይጎትታል። ኢፐብ (EPUB) የተባለው የኢ-መጽሐፍ ቅርጸት ግን ጽሑፉን እንደ ስክሪኑ ስፋት ይደረድረዋል።

ወደ ኢፐብ የመለወጡ ሥራ የሚጀምረው ከፊደሉ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ዕትም ነው። ቀድመው የተሠሩ ብዙ የአማርኛ ሶፍትዌሮች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው አደራደር ያስቀምጡት ነበር። ስለዚህ የዱሮ ፋይል ያለ ፎንቱ ሲከፈት ትርጉም አልባ ምልክት ይሆናል፤ አስቀድሞ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት። በወረቀት ብቻ ያለውን ጽሑፍ በስካነር ካነሡት በኋላ እንደ ቴሰራክት ያለ ፊደልን ከምስል ለይቶ የሚያወጣ ፕሮግራም ያነበዋል፤ ተመሳሳይ ፊደላትን ስለሚያምታታ ግን የሰው እርማት ግድ ነው።

ቀጥሎ ጽዳት ይመጣል። በየመስመሩ መጨረሻ ኢንተር ተመቶ ከሆነ አንቀጹ ስልክ ላይ ይቆራረጣል። በአራት ነጥብ (።) ፋንታ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ (፡፡) የተመታበት ጽሑፍ ለዓይን ደህና ይመስላል፤ ኮምፒውተሩ ግን የዓረፍተ ነገር መጨረሻ አድርጎ ላያውቀው ይችላል።

ከዚያ መዋቅሩ ነው። ርዕስን ማድመቅና ማተለቅ ብቻ ማውጫ አያስገኝም፤ ርዕስ መሆኑ መገለጽ አለበት። ፓንዶክ ለተባለው ነፃ ፕሮግራም የሚዘጋጅ ጽሑፍ ላይ በምዕራፍ ርዕስ መስመር መጀመሪያ የሃሽ ምልክት (#) ይደረጋል፤ በአንቀጾች መካከል ባዶ መስመር ይተዋል። ፕሮግራሙ ከዚህ ተነሥቶ የኢፐቡን ማውጫና ምዕራፎች ያዘጋጃል። ሲጂል ውስጡን ለማረም፣ ካሊበር ቅርጸት ለመለወጥ ያገለግላሉ።

ባሌ ላይ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። አማርኛና አፋን ኦሮሞ በአንድ መጽሐፍ ሲገናኙ የግዕዝ ፊደልና በላቲን ፊደል የሚጻፈው ቁቤም ይገናኛሉ። እያንዳንዱ ክፍል የቋንቋ መለያ ካልተሰጠው ጮክ ብሎ የሚያነበው ፕሮግራም በየትኛው ቋንቋ እንደሚያነብ ግራ ይገባዋል። ጉዳቱ ይበልጥ የሚከፋው በጆሮ ለሚያነቡ ዓይነ ስውራን ነው። የቁቤው ሁዻ (') ምልክት ደግሞ እዚህ ቀጥ ብሎ እዚያ ተጠምዝዞ ከተጻፈ ፍለጋ ቃሉን ሊስተው ይችላል።

ፎንቱ ከመጽሐፉ ጋር ቢታሸግ መልካም ነው፤ አቢሲኒካና ኖቶ ይህን የሚፈቅዱ ነፃ ፎንቶች ናቸው። ረጃጅም የአማርኛ ቃላት በጠባብ ስክሪን ላይ በሁለቱም ጠርዝ እኩል ሲሰለፉ ሰፊ ክፍተት ይፈጥራሉ፤ በግራ ማሰለፍ ይሻላል። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ቢይዝም 300,000 ፊደል ያለው ጽሑፍ ከ900 ኪሎባይት አይበልጥም፤ ኢፐብ ውስጥ ሲጨመቅ ደግሞ ይበልጥ ያንሳል። ኔትዎርክ ለሚቸግረው አንባቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ፕሮግራሞቹ ነፃ ናቸው፤ የሚያስወጣው የሰው ጊዜ ነው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲውም፣ ምርምር ማዕከሉም፣ የሮቤና የጎባ ጽሕፈት ቤቶችም ከፒዲኤፉ ጎን የታረመውን የዩኒኮድ ጽሑፍ ያስቀምጡ። ነገ ቅርጸቱ ቢለወጥ ሥራው ከዚያ ይቀጥላል እንጂ ሀ ተብሎ አይጀመርም።