በውጤት አዳሪ ትምህርት ቤት መግባት፦ የድሬዳዋ ወላጅ ማወቅ ያለበት

የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤት በወጣ ሰሞን ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ጥያቄ ከቤት ቤት ይዞራል። «ልጄ ጥሩ አምጥታለች፤ አዳሪ ትምህርት ቤት የሚሉት እንዴት ነው የሚገባው?» ጥያቄው ከከዚራ ግቢዎችም ከመጋላ ጠባብ ቤቶችም ይነሳል። መልሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወሬ ነው፦ «ነጻ ነው አሉ»፣ «የለም፣ ይከፈላል»፣ «ዘመድ ከሌለህ አትሞክረው»። በወሬው ተስፋ ቆርጠው ሳያመለክቱ የሚቀሩ ጎበዝ ልጆች እንዳሉ ስለማስብ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

መጀመሪያ ሁለት የሚምታቱ ነገሮችን እንለይ። አንደኛው ማን ይገባል የሚለው ነው፤ ሁለተኛው ወጪውን ማን ይሸፍናል የሚለው ነው። የውጤት ስኮላርሺፕ ሲባል ተማሪው የሚመረጠው በፈተናና በትምህርት ማስረጃው ነው። ወጪውን በተመለከተ ግን ትምህርት ቤቶች ይለያያሉ። አንዳንዱ የገባውን ሁሉ በነጻ ያስተምራል፣ ያበላል፣ ያሳድራል። ሌላው በውጤት ካስገባ በኋላ የቤተሰቡን ገቢ አይቶ የሚችለውን ያስከፍላል፤ ለማይችለው ይሸፍናል። ስለዚህ «ነጻ ነው» ያለውም «ይከፈላል» ያለውም ስለ ሁለት የተለያዩ ትምህርት ቤቶች እውነቱን ተናግሮ ሊሆን ይችላል።

በአገራችን ዓይነታቸው ብዙ ነው። እንደ ደሴው ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤትና እንደ ኦሮሚያዎቹ ኢፋ ቦሩዎች በመንግሥት የሚተዳደሩ አሉ። የልማት ማኅበራት ያቋቋሟቸውም አሉ፤ የትግራይ ልማት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1998 የከፈተው ቃላሚኖ እና በአዳማ የሚገኘው የኦሮሚያ ልማት ማኅበር ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት የታወቁ ናቸው። ከግል ወገን ደግሞ በ2013 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ላይ ሥራ የጀመረው ኃይሌ ማናስ አካዳሚ አለ። መሥራቾቹ ወይዘሮ ርብቃ ኃይሌና ባለቤታቸው ዣን ማናስ ናቸው። ርብቃ የታላቁ የግዕዝ ሊቅ የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ልጅ ናቸው። ፕሮፌሰሩ ከሸንኮራ ተነሥተው ካይሮ፣ ከዚያም ጀርመን የደረሱት በትምህርት በኩል ነበር፤ ልጃቸው ትምህርት ቤት ማቋቋማቸው ለዚህ ይመስለኛል ብዙዎችን ያላስገረመው።

እዚህ ላይ የድሬዳዋ ወላጅ አንድ ነገር ልብ ይበል። የክልል አዳሪ ትምህርት ቤቶች ብዙውን ጊዜ የክልላቸውን ልጆች ያስቀድማሉ። ድሬዳዋ ደግሞ ራሷን የቻለች የከተማ አስተዳደር ናት። ስለዚህ ስለ ትምህርት ቤቱ ዝና ከመስማት በፊት «ከድሬዳዋ የመጣ ልጅ ትቀበላላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1943 የተከፈተው የኮተቤው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትምህርት ቤትና በ1946 የተከፈተው ጄኔራል ዊንጌት ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ልጆችን በአዳሪነት ያስተምሩ ነበር። በኋላም በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር የነበረው የልዑል በዕደ ማርያም ትምህርት ቤት የሁለተኛ ደረጃቸውን የመጨረሻ ዓመታት የሚማሩ ጎበዞችን ከመላ አገሪቱ ይሰበስብ ነበር። የድሃ ገበሬ ልጅና የባለሥልጣን ልጅ አንድ ጠረጴዛ ላይ ምሳ የሚበሉበት ዘመን ነበር። አብዮቱ ሲመጣ ይህ መስመር ተቋረጠ፤ ለብዙ ዓመታትም ባዶውን ቆየ።

ከዚያ ዘመን ልጆች አንዱን ጠጋ ብለን እንይ፤ ታሪኩ ለእኛ ለምሥራቆቹ ቅርብ ነውና። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ የተወለዱት ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ወለንኮሚ አካባቢ፣ አንዲት ክፍል ባላት የሣር ጎጆ ውስጥ ነው። እናታቸው ልጃቸው እንዲማር ቆርጠው ስለተነሡ፣ ገቢሳ እሑድ ማታ 20 ኪሎ ሜትር በእግራቸው ሄደው ሳምንቱን ትምህርት ቤቱ ባለበት ከተማ ያሳልፋሉ፤ ዓርብ ደግሞ ያንኑ መንገድ ይመለሳሉ። በውጤታቸው ጅማ እርሻና ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገቡ። ከዚያም ሙሉ ስኮላርሺፕ አግኝተው ዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ተማሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ተመረቁ። ዓለማያ ማለት ከድሬዳዋ ደንገጎን ወጥተን ወደ 40 ኪሎ ሜትር ስንሄድ የምናገኘው የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ገቢሳ በኋላ ሱዳን ውስጥ ሲሠሩ ለአፍሪካ የመጀመሪያ የሆነውን ለገበያ የቀረበ ዲቃላ ማሽላ አወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ነበር። ቀጥለውም አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዘሮችን አገኙ። አቀንጭራ የማሽላን ሥር ይዞ ምግቡን እየመጠጠ አዝመራውን የሚያደርቅ አረም ነው፤ የሐረርጌ ገበሬ ስለ እሱ ማስረጃ አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጣቸው። ስኮላርሺፕ ውጤት አመጣ ሲባል እኔ የማስበው ይህንን ነው። የአንድ ልጅ የአዳሪነት ወጪ ተሸፈነ፤ ከ20 ዓመት በኋላ ጥቅሙ ገበሬው ማሳ ላይ ተቆጠረ።

ዛሬ ግን የአዳሪ ተማሪዎች ውጤት በአብዛኛው የሚለካው በ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። ፈተናው ከ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ ኩረጃን ለማስቀረት በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ይሰጣል። በዚያ ዓመት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ። በ2015 መጠኑ 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። በ2015 ከ3,106 ትምህርት ቤቶች 1,328ቱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በዚህ ሁሉ መሐል ያስፈተኑትን በሙሉ ወይም ከሞላ ጎደል ካሳለፉት ጥቂቶች ውስጥ አዳሪዎቹ ጎልተው ታዩ። ወላጅ ሁሉ ዓይኑን ወደ እነሱ ያዞረው ከዚያ ወዲህ ነው።

የአዳሪዎቹ ውጤት ድንቅ ነው፤ ግን በትክክል መነበብ አለበት። ከሺዎች መካከል የተመረጡ ልጆች ቢያልፉ ከፊሉ ምስጋና ከመግባታቸው በፊት ላስተማሯቸው ነው፦ ለቀበሌው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ማታ ደብተር ላየላቸው ወላጅ። ስለዚህ «መቶ በመቶ አሳለፍን» የሚል ትምህርት ቤት ሲገጥምዎ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ዘጠነኛ ክፍል ስንት ገቡ፣ 12ኛ ክፍል ስንት ተፈተኑ? 60 ገብተው 58 ተፈትነው ሁሉም ካለፉ ትልቅ ሥራ ነው። 60 ገብተው 35 ብቻ ከተፈተኑ ግን የቀሩት 25 ልጆች የት እንደደረሱ ማወቅ የወላጅ መብት ነው።

ታዲያ አዳሪነቱ ራሱ ምን ይጨምራል? ከሁሉ በላይ ጊዜ ነው። የድሬዳዋን ከሰዓት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በዚያ ሙቀት በቆርቆሮ ጣራ ሥር ሒሳብ መሥራት አይቻልም። ነፋሻው ምሽት ሲመጣ ደግሞ ቤቱ በሰው ይሞላል፣ ቴሌቪዥኑ ይከፈታል፣ እንግዳ ይመጣል። ሴት ልጅ ከሆነች ውሃው፣ ዕቃው፣ ታናናሾቿ አሉባት። ሥራውን ጨርሳ ደብተሯን ስትገልጥ ዓይኗ ይከደናል። አዳሪ ግቢ ውስጥ ያቺው ልጅ ከእራት በኋላ ተቆጣጣሪ መምህር ባለበት «ስተዲ» ትቀመጣለች፤ ያልገባትን አጠገቧ ያለችውን ትጠይቃለች። ይህ በየቀኑ ለአራት ዓመት ሲደጋገም ለውጡ ትልቅ ነው። አዳሪ ትምህርት ቤት ከማንም በላይ ሴቶች ልጆቻችንን ይጠቅማል ብዬ የማምነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለመላክ ይበልጥ የምንፈራው ግን እነሱን ነው። ፍርሃቱ ይገባኛል። መፍትሔው ግን የሴቶቹን መኝታ ሄዶ ማየት፣ ኃላፊዋን ማነጋገር ነው እንጂ ማስቀረት አይደለም።

ስለ መምረጫው ፈተና አንድ ቅሬታ አለኝ። ፈተናው በአብዛኛው ሒሳብ፣ እንግሊዝኛና ሳይንስ ሆኖ በእንግሊዝኛ ይሰጣል። ድሬዳዋ ውስጥ አንደኛ ደረጃን በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ ወይም በአማርኛ የሚማሩ ልጆች አሉ። ከከተማው ውጭ ባለ ገጠር ቀበሌ የተማረ ልጅ ስሌቱን ጠንቅቆ እያወቀ ጥያቄውን ማንበብ ሊያቅተው ይችላል። በግል ትምህርት ቤት ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማረው ግን ያልፋል። ሁለቱን በአንድ ሚዛን መዝኖ ልዩነቱን ችሎታ ብሎ መጥራት ትክክል አይደለም። ጥሩ ትምህርት ቤት ከፈተናው ጎን ቃለ መጠይቅ ያደርጋል፣ ልጁ ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደደረሰ ይጠይቃል። እንዲህ የማያደርገውን የትምህርት ቢሮዎቻችን ሊጎተጉቱት ይገባል።

ልጁ ከገባ በኋላ የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ከባድ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ አንደኛ ሲወጣ የኖረ ልጅ 23ኛ ይወጣል። ለእናቱ ይደውላል፤ «እማዬ፣ ልመለስ» ይላል። አብዛኛው ልጅ ያልፈዋል። ወላጅ በዚህ ሰዓት ስለ ደረጃ መጠየቁን ትቶ ምን እንደበላ፣ ከማን ጋር እንደተዋወቀ ቢጠይቅ ይበጃል። ስኮላርሺፑ የሚቀጥልበትን ዝቅተኛ ውጤትም አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ መጥፎ ሴሚስተር ዕድሉን ያሳጣል ወይስ ማስጠንቀቂያና እገዛ ይቀድማል? መልሱን በጽሑፍ መቀበል ጥሩ ነው።

የምዝገባ ጊዜው አጭር ነው፤ አንዳንዱ ትምህርት ቤትም ልጁ ገና ስምንተኛ ክፍል እየተማረ ሳለ ማመልከቻ ይቀበላል። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ውጤት፣ ጉርድ ፎቶግራፍ አስቀድሞ ይዘጋጅ፤ በሁሉም ላይ የልጁ ስም አንድ ዓይነት ፊደል ይኑረው፤ በአንዲት ፊደል መለያየት ሳምንት ሙሉ የሚመላለስ ሰው አለ።

«ሙሉ ስኮላርሺፕ» ሲባልም ምን ምን እንደሚጨምር ይጠየቅ። ትምህርትና ምግብ ነጻ ሆኖ አንሶላው፣ ሳሙናው፣ የጽሕፈት ዕቃውና የእረፍት ጊዜ ትራንስፖርቱ በወላጅ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ እንኳን ከድሬዳዋ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ደብረ ብርሃን ወይም ደሴ ለመድረስ ከዚያም ይቀጥላል፤ በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ መመላለስ ለቀን ሠራተኛ ቀላል ወጪ አይደለም። ብርዱም አለ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ስትሆን ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በቀጭን ሸሚዝ ያደገ ልጅ የኅዳርን ሌሊት እዚያ ያለ ወፍራም ብርድ ልብስና ያለ ሹራብ አይችለውም። ትምህርት ቤቱ ይሰጣል ወይስ ከቤት ይምጣ የሚለውን ልጁ ከመሳፈሩ በፊት ደውለው ይጠይቁ።