ያውቁ ኖሯል? መርፌ በወንድ እጅ ነበር

በጎጃም ደጋ ጥጥ መፍተልና የስንደዶ ስፌት መስፋት የሴት፣ ሸማ መሸመንና ልብስ መስፋት ግን የወንድ ሙያ ሆኖ ኖሯል። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ቅኔ በተማሩባት በዲማ ጊዮርጊስና በመሰሎቿ አድባራትም የብራና ጥራዞችን በመርፌ እየሰፉ መጽሐፍ የሚደጉሱት የቤተ ክህነት ወንዶች ነበሩ። ጥልፍን «የሴት ነገር» ብለን የለመድን ሰዎች ይህን ማወቅ ይገባናል።

መርፌን ለሴት ልጅ እንደ ትምህርት ካስጨበጡት መካከል የሚሲዮን ትምህርት ቤቶችና በ1931 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት (በኋላ የካቲት 12 የተባለው) ይገኙበታል። ቀለምና የእጅ ሥራ ጎን ለጎን ይሰጡ ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ትምህርቱ ከባልትና ጋር ወደ ሌሎች ትምህርት ቤቶችም ገባ፤ ሴቶቹ ዘምዘማት፣ ጥልፍና ኪሮሽ ሲማሩ ወንዶቹ ወደ እንጨት ሥራና ወደ አትክልት ቦታ ይሄዱ ነበር። ክፍፍሉ ልክ አልነበረም። ሙያው ግን የሚናቅ አይደለም፦ ጨርቅ መለካት፣ ክር መቁጠርና ንድፍ ማመጣጠን ሒሳብም ትዕግሥትም ይጠይቃል፤ የትራስ ልብስና የጠረጴዛ ዳንቴል ሠርተው የሸጡ ሴቶችም የራሳቸውን ገንዘብ ይዘውበታል።