ዘይትና ውሃ አልተጣሉም

ሕዋስ ውስጥ ያለው ሁሉ በዘረመል ትእዛዝ ቁራጭ በቁራጭ የሚገጣጠም የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ባዮሎጂ የተማረም ጭምር። ዘረመል የሚወስነው የፕሮቲኑን አሚኖ አሲዶች ቅደም ተከተል ነው፤ ከዚያ በኋላ ፕሮቲኖቹ ብዙ ጊዜ የሚሰለፉት በራሳቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ፍሬንክል-ኮንራትና ዊሊያምስ በካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ፣ የትምባሆ ቅጠል የሚያዥጎረጉረውን ቫይረስ ፕሮቲንና አር ኤን ኤ ለየብቻ አጥርተው መልሰው ቀላቀሏቸው። ከ2,000 በላይ የፕሮቲን ቅንጣቶች አር ኤን ኤውን ከበው 300 ናኖሜትር የሚረዝም ዘንግ ሆኑ፤ ቅጠል ላይ ሲቀባም ትምባሆውን አሳመመ። ሕዋስ የለ፣ አዛዥ የለ።

ታዲያ ማን አሰለፋቸው? ትልቁ ድርሻ የውሃ ነው። «ዘይትና ውሃ ይጠላላሉ» ሲባል እንሰማለን፤ እንዲያውም በመጠኑ ይሳሳባሉ። ነገር ግን የውሃ ሞለኪውሎች የእርስ በርስ ትስስር እጅግ የበረታ ስለሆነ፣ መካከላቸው የገባውን የስብ ሞለኪውል ጭራ ተደርድረው ይከቡታል፤ እንደ ልብ መገላበጥም ያቅታቸዋል። ጭራዎቹ ተሰብስበው ሲሸጎጡ ውሃው ይለቀቃል። ስቡ ሥርዓት ሲይዝ ውሃው ሥርዓት ያጣል ማለት ነው። «ይህማ የቴርሞዳይናሚክስን ሕግ ይጥሳል» የሚል ተከራካሪ ውሃውን ሳይቆጥር ቀርቷል። የሕዋስ ሽፋንም 5 ናኖሜትር ገደማ የሚወፍር ድርብ ንጣፍ የሚሆነው፣ ጠርዙም ለውሃ እንዳይጋለጥ ዞሮ የሚዘጋው ለዚሁ ነው። በ1960ዎቹ እንግሊዛዊው አሌክ ባንግሃም እንዲህ ያሉ ጥቃቅን የስብ ከረጢቶችን በብልቃጥ አጠና። ዛሬ አገራችን ውስጥ ለካላዛር ሕሙማን ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ፣ አምፎተሪሲን፣ በመሰል ከረጢት ተጭኖ ይመጣል።

ሙቀት ያፈርሳል፣ ቅዝቃዜ ያጸናል የምንለው ቅቤ ሲረጋና ሲቀልጥ እያየን ስላደግን ይመስለኛል። ከከብት አንጎል የሚወጣው ቱቡሊን የተባለ ፕሮቲን ግን በረዶ ላይ ሲቀመጥ ይበታተናል፤ ጂ ቲ ፒ የተባለው ሞለኪውል ባለበት እስከ 37 ዲግሪ ሲሞቅ 25 ናኖሜትር የሚሰፉ ቱቦዎች ይሠራል። ቤተ ሙከራዎች ፕሮቲኑን የሚያጠሩትም እያቀዘቀዙና እያሞቁ ነው። እዚህም ቅንጣቶቹ ሲገጥሙ ከመካከላቸው ውሃ ይለቀቃል፤ ሙቀት ደግሞ ለዚህ መለቀቅ ያግዛል። ቱቦውን ጸንቶ እንደሚቆም ምሰሶ የሚሥሉት የመማሪያ መጻሕፍትም አሳስተውናል፤ ሚቺሰንና ኪርሽነር በ1984 እንዳሳዩት አንዱ ሲረዝም ሌላው በድንገት ይፈራርሳል።

ራሱን ያሰለፈ ሁሉ ለጤና ነው ማለትም አይደለም። በሲክል ሴል ሕመም፣ በሄሞግሎቢን ቤታ ሰንሰለት 6ኛ ቦታ ላይ፣ ውሃ የሚስማማው ግሉታሚክ አሲድ ውሃ በማይስማማው ቫሊን ይተካል። ሄሞግሎቢኑ ኦክስጅኑን ሲለቅ በዚያች ቦታ እየተያያዘ 14 ክሮች የተገመዱበት ረጅም ዘንግ ይሆናል፤ ቀዩን የደም ሕዋስም ያጣምመዋል።