ስለ ብድር ውል አጻጻፍ

ወንድም ለወንድሙ፥ ጎረቤትም ለጎረቤቱ ገንዘብ ማበደር ከጥንት ጀምሮ የቆየ የመረዳዳት ሥራ ነው። ነገር ግን ብዙዎች ገንዘቡን ሲሰጡ ወረቀት መጠየቅን ያፍራሉ፤ ባልንጀራን አለማመን ይመስላቸዋልና። ይህ አሳብ ስሕተት ነው። ውል የሚጻፈው ሰው ሁሉ ከዳተኛ ስለ ሆነ አይደለም፤ ሰው የሚረሳና የሚሞት ስለ ሆነ ነው እንጂ። አበዳሪው በድንገት ቢሞት ልጆቹ የአባታቸውን ገንዘብ በምን ያውቁታል? ተበዳሪውስ ዕዳውን ከፍሎ ቢሞት ሚስቱ መከፈሉን በምን ታስረዳለች?

ጦቢት በሜዶን አገር ለገባኤል አሥር መክሊት ብር አደራ መስጠቱ በመጽሐፉ ተነግሯል። ከብዙ ዘመን በኋላ ልጁን ጦብያን ሲልከው የእጅ ጽሑፉን አስያዘው፤ ገባኤልም ጽሑፉ በቀረበለት ጊዜ ከረጢቶቹን ከነማኅተማቸው አስረከበ። ጽሑፉ ወዳጅነታቸውን አጸናው እንጂ አላፈረሰውም።

በኢትዮጵያም በቀድሞው ዘመን ብድር የሚጸናው በምስክርና በዋስ ነበር፤ በተካካዱም ጊዜ አበዳሪና ተበዳሪ በቁራኛ ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በቍጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፥ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር ሊረጋገጥ እንደማይችል ደነገገ። 500 ብር ዛሬ ጥቂት ገንዘብ ስለ ሆነ፥ ሳይጻፍ የሚቀር ብድር ሁሉ ለማለት ይቻላል ከዚህ አደጋ በታች ነው። ገንዘቡ ሲቆጠር ያዩ ሰዎች ቢኖሩም፥ ጽሑፍ ከሌለ የእነርሱ ቃል ብቻ አይበቃም።

የውሉ አጻጻፍ ረጅም መሆን አያስፈልገውም። የሁለቱ ሰዎች ስም ከነአባትና ከነአያት፥ አድራሻቸውም ይጻፍ። የገንዘቡ ልክ በአኃዝና በፊደል ይገለጥ፤ ተበዳሪውም ገንዘቡን መቀበሉ፥ የሚመልስበትም ቀን፥ ወርና ዓመት ይነገር። ቀኑ ካልተወሰነ፥ ተበዳሪው አበዳሪው ከጠየቀው ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ እንዲመልስ ሕጉ ያዛል። ወለድ በውሉ ካልተነገረ አይከፈልም፤ ከተነገረም ልኩ በጽሑፍ ይሁን፥ በዓመትም ከመቶ 12 አይለፍ።

ከዚህ በኋላ ተዋዋዮቹ ይፈርሙ፤ ለአካለ መጠን የደረሱ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙበት። ማንበብና መጻፍ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ግን የጣት አሻራው ብቻ አያስገድደውም፤ በውል አዋዋይ ወይም በዳኛ ፊት መረጋገጥ አለበት። ይህም ያላነበበውን እንዲፈርም ተደርጎ እንዳይጠቃ የተሠራ ጠባቂ ሕግ ነው።

ውሉ በሁለት ቅጅ ተጽፎ ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ይድረስ። ተበዳሪውም በከፈለ ቍጥር ደረሰኝ ይቀበል፤ ጨርሶ በከፈለ ጊዜ ዋናው ውል ይመለስለት። የተከፈለ ዕዳ ወረቀቱ በአበዳሪው ሣጥን ቢቀር ለወራሾች የክርክር ምክንያት ይሆናልና።

በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል እንደ ተባለ፥ በቅን ልብ የተሰጠ ብድር በልጆች መካከል ጠብ ሆኖ እንዳይወረስ አንድ ገጽ ወረቀት መጻፍ የወዳጅነት ግዴታ ነው።