የሰው መገኛና መድረሻ፤ በሰሜን ወሎ የክርስትና ስምና የአርባው ቀን ትርጓሜ

ሰው ከማን ተገኘ፥ ለምንስ ተፈጠረ የሚለው ጥያቄ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዘንድ ሊቃውንት ብቻ በጉባኤ የሚመረምሩት ነገር አይደለም። መልሱ በስምና በቀን ቍጥር፥ በጥምቀትና በቀብር ሥርዐት ውስጥ ስላለ፥ ፊደል ያልቈጠረ ገበሬም ይኖርበታል። ይህ ጽሑፍ ያን መልስ ሐራ፥ መርሳና ወልድያ በሚገኙበት በሰሜን ወሎ ክፍል መነሻነት ለማስረዳት የታሰበ ነው። በዚህ አገር ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ እየተገበያየ፥ ኀዘኑንም እየተካፈለ ስለሚኖር፥ የክርስትናው ትምህርት ከጎረቤቱ እምነት ጋራ የሚስማማበትና የሚለይበት ነጥብ ጎልቶ ይታያል።

አስቀድሞ ትምህርቱን እንመልከት። የሥነ ፍጥረት መምህራን እንደሚያስረዱት፥ ግዙፉ ዓለም ለሰው ምግበ ሥጋና ምግበ ነፍስ ሊሆን ተፈጠረ፤ ይኸውም ከፊሉን ሊመገበው፥ ከፊሉንም አይቶ ፈጣሪውን ሊያውቅበት ነው። ሰውና መላእክት ግን የተፈጠሩት የእግዚአብሔርን ስም ለመቀደስና ክብሩን ለመውረስ ነው። ከእነዚህ ከሁለቱ መቀደስ የሰው ተግባር ሲሆን መውረስ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። በአገራችን ልማድ ደግሞ አገልጋይ ደመወዙን ይቀበላል እንጂ ርስት አይካፈልም፤ ርስት የልጅ ነው። እንግዲህ ክብሩን ይወርሳል ማለት የሰው መጨረሻ አገልጋይነት ብቻ ሳይሆን ልጅነት ነው ማለት ነው።

ይህ ልጅነት መሠረቱ በአፈጣጠሩ ላይ ነው። ሰው በዕለተ ዐርብ ከአራቱ ባሕርያተ ሥጋ፥ ማለት ከመሬት፥ ከውኃ፥ ከነፋስና ከእሳት ተፈጠረ፤ ነፍሱም ለባዊት፥ ነባቢትና ሕያዊት ናት። ልቡ የአብ፥ ቃሉ የወልድ፥ እስትንፋሱ የመንፈስ ቅዱስ ምሳሌ ነው ይባላል። አምስቱ አዕማደ ምሥጢርም ይህንኑ መንገድ በቅደም ተከተላቸው ያሳያሉ፤ ከምሥጢረ ሥላሴ ተነሥተው፥ በምሥጢረ ሥጋዌ፥ በምሥጢረ ጥምቀትና በምሥጢረ ቍርባን በኩል አልፈው፥ በምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን ይፈጸማሉ። መነሻው እግዚአብሔር ነው፤ መድረሻውም ወደ እርሱ መመለስ ነው።

ከትምህርቱ ወደ ልማዱ ስንሻገር፥ መጀመሪያ የምናገኘው የክርስትናን ስም ነው። ወላጆች ለልጃቸው የሚያወጡት የዓለም ስም ብዙ ጊዜ የራሳቸውን ደስታ፥ ኀዘን ወይም ተስፋ ይናገራል። በጥምቀት ቀን የሚሰጠው ስም ግን ልጁ የማን እንደ ሆነ ይናገራል፤ ገብረ ማርያም፥ ወልደ ሚካኤል፥ ወለተ ጊዮርጊስ፥ ኃይለ ኢየሱስ እንደሚባለው። ገብር አገልጋይ፥ ወልድ ልጅ ማለት ስለ ሆነ፥ ከላይ የተመለከትነው አገልጋይነትና ልጅነት በስሙ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ቅዱሱ በስሙ መጠራቱም የልጁ ምንጭ እርሱ ነው ለማለት ሳይሆን፥ ወደ ፈጣሪው አማላጅና ጠባቂ ይሆነዋል ለማለት ነው። ይህ ስም በገበያና በአደባባይ እምብዛም አይነገርም፤ በጸሎት ላይ ግን የሚነሣው እርሱ ነው። ሰው ሲሞትም ካህኑ በፍትሐት የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ስለዚህ መኰንኑም ሆነ ድኻው በመጨረሻው ሥርዐት የሚታወቀው በመጀመሪያው ሥርዐት በተቀበለው ስም ነው። ተፈሪ መኰንን በ1923 ዓ.ም. ሲነግሡ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት የክርስትና ስማቸውን ይዘው ነበር።

ሁለተኛው ምልክት የቀን ቍጥር ነው። ወንድ ልጅ በተወለደ በአርባ ቀኑ፥ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ትጠመቃለች። ቍጥሩ ከኦሪት ዘሌዋውያን የመንጻት ሕግ ጋራ ይስማማል። ቤተ ክርስቲያናችን ከ81ዱ መጻሕፍት አንዱ አድርጋ የምትቀበለው መጽሐፈ ኩፋሌም አዳም በተፈጠረ በአርባ ቀኑ፥ ሔዋን በሰማንያ ቀኗ ወደ ገነት እንደ ገቡ ይተርካል። በዚህ መሠረት ጥምቀት አዲስ ነገር መጀመር ብቻ አይደለም፤ አዳም ወዳጣው ስፍራ መመለስ ነው። እነዚሁ ቍጥሮች በሞት ጊዜ ተመልሰው ይመጣሉ። ከሠልስቱ በኋላ ከሚቈጠሩት የመታሰቢያ ቀናት መካከል አርባና ሰማንያ ይገኛሉ፤ በተለይ የአርባው ቀን ተዝካር ከሁሉ የታወቀው ነው። ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን በገባበት ቍጥር ከዓለም ከወጣ በኋላ ይታሰባል።

ይህ የመነሻና የመድረሻ መገናኘት በዚሁ በሰሜን ወሎ በድንጋይም ተቀርጾ ይታያል። ከወልድያ በስተ ምዕራብ፥ በላስታ ላሊበላ፥ ከቤተ ጎልጎታ አጠገብ የአዳም መቃብር የሚባል ከአለት የተፈለፈለ ሕንጻ አለ። አዳም በጎልጎታ ተቀበረ፥ የክርስቶስም ደም በላዩ ፈሰሰ የሚለውን ትውፊት የሚያውቅ ሰው፥ ሁለቱ ስሞች ለምን ጎን ለጎን እንደ ቆሙ ለማስተዋል አይቸገርም።

ወደ ሐራና ወደ አካባቢው እንመለስ። ሙስሊሙም ሞት በደረሰ ጊዜ ሰው የአላህ መሆኑንና ወደ እርሱ ተመላሽ መሆኑን ይመሰክራል። ስለዚህ በመገኛና በመመለስ ረገድ ሁለቱ ጎረቤታሞች አይራራቁም። ልዩነቱ በመንገዱ ላይ ነው፤ ክርስቲያኑ መመለሱ የተቻለው አምላክ ሰው በመሆኑ ነው ይላል። ይህ ልዩነት ሳይፈርስ፥ በወሎ ቅሬ የሚባለው የቀብር ማኅበር ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን በአንድነት ይሰበስባል፤ አንዱ የሌላውን ሬሳ ይሸኛል፥ በተዝካርም ለየእምነቱ የታረደው ለየብቻ ይቀርባል።

ይሁን እንጂ ታሪኩ ሁልጊዜ እንዲህ የተቃና አልነበረም። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደሴ በስተ ሰሜን በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው የተዋሕዶን ትምህርት ካጸኑ በኋላ፥ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዐሊ ንጉሠ ነገሥቱ የክርስትና አባት ሆነውላቸው ሚካኤል ተባሉ፤ እነ ሼሕ ጠልሓ ግን ትእዛዙን ተቃወሙ። በውጭ ተጠምቆ በውስጡ በቀድሞ እምነቱ የጸናም ብዙ ነበር። በዚህ ጊዜ የክርስትና ስም ሰው የእግዚአብሔር መሆኑን ከመናገር አልፎ፥ የንጉሥ ታዛዥ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ሆነ።

ነገሩን በትምህርቱ ሚዛን ብንመዝነው ተቃርኖው ግልጽ ነው። ለባዊትና ነባቢት ነፍስ የተሰጠችው ሰው አስቦና ፈቅዶ ፈጣሪውን እንዲያመሰግን ነው። ልጅነት በጸጋ ይቀበሉታል እንጂ በዐዋጅ አይጭኑትም፤ ተገዶ የገባም ሰው አገልጋይ ይሆን እንደ ሆነ ነው እንጂ ወራሽ አይሆንም። በገብርና በወልድ መካከል ያለው ርቀት ይህ ነው።

ስለዚህ የአካባቢውን ሥርዐት የሚመዘግብ ተማሪ የተዝካሩን ጠላና እንጀራ፥ የዕድርተኛውንም ብዛት ቈጥሮ ቢያቆም ሥራው ጎደሎ ይሆናል። ስሙ ማንን ባለቤት እንደሚያደርግ፥ ቍጥሩ ወዴት እንደሚያመለክት፥ ሰውየውም በፈቃዱ ገብቶበት እንደ ሆነ አብሮ መጠየቅ ይገባዋል። የሕዝቡ እምነት ስለ ሰው ክብር የሚለው ነገር የሚታወቀው እነዚህ ሦስቱ በአንድነት ሲመረመሩ ነው።