ከግርፋት እስከ ሥልጣን፦ የወላይታ ወንጌላውያንና መንግሥት

ስለ ወግ አጥባቂ ክርስቲያኖችና ስለ ፖለቲካ ሲወራ የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ አሜሪካ ይሄዳል። ጄሪ ፋልዌል የተባለው የባፕቲስት ሰባኪ እንደ ፈረንጆቹ በ1979 «ሞራል ማጆሪቲ» የተሰኘውን ማኅበር መሥርቶ ምእመናንን በምርጫ ሣጥን ዙሪያ አሰለፈ። በዚያው ዓመት፣ በእኛ ሐምሌ 1971 ዓ.ም.፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ አዲስ አበባ ላይ ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። እዚያ ሥልጣን ላይ ማን ይውጣ ሲባል፣ እዚህ ጥያቄው በሕይወት የመኖር ነበር። ስለዚህ የወላይታን አማኝ በአሜሪካ መለኪያ የሚለካ ሰው ገና ከመነሻው ይስታል።

ከወላይታ መጀመራችን ያለ ምክንያት አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ መሠረት ከዞኑ አንድ ሚሊዮን ተኩል ሕዝብ 71 በመቶው ፕሮቴስታንት ነበር፤ ኦርቶዶክሱ 21 በመቶ፣ ካቶሊኩ ደግሞ 5 በመቶ ገደማ ነበር። በአገር አቀፍ ደረጃ ግን በዚያው ቆጠራ የፕሮቴስታንቱ ድርሻ 19 በመቶ እንኳ አልሞላም።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1920 ዓ.ም. ነው። በዶክተር ቶማስ ላምቢ የተመሩት የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች ወደ ደቡብ ወርደው ሶዶ አጠገብ ኦቶና ላይ ጣቢያ ከፈቱ። ትምህርታቸው ጥብቅ ነበር፦ ሰው አምኖ ሲመሰክር ይጠመቃል፣ ከመጠጥ ይርቃል፣ ከአንድ በላይ ሚስት አያገባም፣ ለመናፍስት መሥዋዕት አያቀርብም። ፖለቲካ የቤተ ክርስቲያን ሥራ ተብሎ አልተቆጠረም። በ1929 ጣሊያን ሲያስወጣቸው ትተው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች ሃምሳ እንኳ አይሞሉም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ግን ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ ምእመን ጠበቃቸው።

በመካከሉ የሆነው ነገር የዛሬውን አስተሳሰብ ቀርጿል። እንደ ዋንዳሮ ያሉ መሪዎች ታሰሩ፣ በአደባባይ ተገረፉ። ፈረንጅ በሌለበት ጉባኤው የራሱን ሽማግሌዎች መረጠ፣ ገንዘቡን ሰበሰበ፣ በኋላም ወንጌላውያንን ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋና ወደ አሪ ላከ። ይህ በእኔ አስተያየት ከስብከቱ ያልተናነሰ ትልቅ ነገር ነው። በባለመሬት ፊት አንገቱን ደፍቶ የኖረ ጭሰኛ በአጥቢያው ጉባኤ ግን ድምፅ ነበረው። በእርግጥ ወላይታ በዱቡሻ፣ ማለትም በባህላዊው የሕዝብ ሸንጎ፣ ተሰብስቦ መምከርን ከሚሽነሪ አልተማረም፤ አዲሱ ነገር ምክሩ በእምነት የተሳሰረ መሆኑ ነው።

መንግሥቱስ? በ1936 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ሚሲዮኖች የት መስበክ እንደሚችሉ ለየ፤ የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ ኦርቶዶክስን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ አጸና። የወላይታ አማኝ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሁለት የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎችን ይዞ ኖረ። ሮሜ ምዕራፍ 13 ለባለሥልጣን መገዛትንና ግብር መክፈልን አስተማረው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5 ደግሞ አትስበክ ሲባል የት ላይ እምቢ እንደሚል አሳየው።

ደርግ ሲመጣ ነገሩ የሚጠበቀውን ያህል ቀላል አልነበረም። የካቲት 1967 ዓ.ም. መሬት ላራሹ ሲታወጅ ከደቡብ ምእመናን ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ነበር። የወላይታ ወንጌላውያን ባስተማሩበት በማሌ ምድር፣ ከሚሽኑ ሥራ የወጣችው የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን አማኞች በለውጡ ግንባር ቀደም ሆነው እንደነበር አንትሮፖሎጂስቱ ዶናልድ ዶንሃም ጽፏል። ወግ አጥባቂ ሁሉ ለውጥ ይጠላል የሚለውን ግምት ይህ ያፈርሰዋል። ጠቡ የመጣው በኋላ ነው፦ የቀበሌ ስብሰባ በእሁድ ጠዋት ሲጠራ፣ አብዮቱን ከሁሉ በላይ የሚያደርግ መፈክር ሲታዘዝ፣ ቤተ ክርስቲያኖች ሲዘጉ። መሬቱን በደስታ የተቀበለው አማኝ መፈክሩን አልል አለ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ለየ፤ በአንቀጽ 27 የእምነት ነፃነትን ደነገገ። ከተማም ገጠርም በዝማሬ ተሞላ፤ ሲሸሹ የኖሩ ሰዎች ልጆች ቢሮ ገቡ። ከወላይታ የወጡት፣ የሐዋርያዊት ቤተ ክርስቲያን አማኙ አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ በ2005 ዓ.ም. መስከረም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ቃለ መሐላ ፈጸሙ።

በሥነ ምግባር ጉዳይ የእነዚህ አማኞች አቋም ግልጽ ነው፦ ፅንስ ማቋረጥን አይደግፉም፣ ጋብቻ በወንድና በሴት መካከል ብቻ ነው ይላሉ። ይህ ግን ከኦርቶዶክሱም፣ ከካቶሊኩም፣ ከሙስሊሙም ጎረቤታቸው አይለያቸውም፤ የሃይማኖት መሪዎች በእነዚህ ነጥቦች ላይ በአንድ ድምፅ ሲናገሩ ኖረዋል። በኢትዮጵያ ፓርቲዎች በዋናነት የሚለያዩት በብሔርና በአስተዳደር ጥያቄ እንጂ በዚህ አይደለም።

ስለዚህ አስቸጋሪው ጥያቄ ሌላ ቦታ ነው። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሶዶ የክልሉ የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች። እሁድ በአንድ ጉባኤ ውስጥ የሚዘምሩ ሰዎች ሰኞ አንዱ የቢሮ ኃላፊ፣ ሌላው አቤቱታ ይዞ የሚሰለፍ ባለጉዳይ ሆነው ይገናኛሉ። ሲሰደዱ የተማሩት ትምህርት ለተሰደደ ሰው የሚሆን ነው፤ በቢሮ ወንበር ላይ ስለተቀመጠ አማኝ የሚለው ጥቂት ነው። ኃላፊው ጉቦ ቢጠይቅ ሽማግሌዎቹ እንደ ሰካራም ይገሥጹታል ወይስ ሥልጣኑን አይተው ያልፉታል? የኦርቶዶክስ ወይም የካቶሊክ ጎረቤቱ በዚያ ቢሮ እኩል ይስተናገዳል? የ71 በመቶው ወገን ልጆች ራሳቸውን ሲጠይቁ የምሰማው ይህን ነው፤ አንዳንዶቹም መልሱን ከመድረክ ስብከት ይልቅ ከሽማግሌዎች ጉባኤ ይጠብቃሉ።